ወተትሽ በቃው ወይስ አልበቃውም?

አዲስ የወለደች ጓደኛ ጋ ስትደውሉ ከሰላምታው ቀጥሎ ምትሰሙት ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፣ «ወተቴ አልበቃውም መሰለኝ»። ከእህቴ ሰምቼዋለሁ፣ ከስራ ባልደረቦቼ ሰምቼዋለሁ፣ እኔም ብዬዋለሁ። ይሄን ስትል ዙሪያዋ ያለው ሰው ወዲያው ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹ «ታዲያ ፎርሙላ ጀምሪለት፣ ምን ያስጨንቅሻል» ይላል፣ ግማሹ ደግሞ «የእናት ጡት እያለ የምን ፎርሙላ፣ ታገሺ» ይላል፣ እና ሁለቱም እናትየዋን አንድ ጥያቄ እንኳን ሳይጠይቋት ነው ሚፈርዱት። ህፃኑ በቀን ስንት ዳይፐር ያርሳል? ሲጠባ ይውጣል ወይስ ዝም ብሎ ይመጠምጣል? ኪሎው እንዴት ነው? ፎርሙላ ከተጀመረስ በምን ውሃ፣ በስንት ማንኪያ ነው ሚበጠበጠው? በጣም ሚያናድደኝ ይሄ ነው፣ ስለ ጡትና ስለ ፎርሙላ ሚከራከር ሰው ሞልቷል፣ ቁጭ ብሎ እንዴት እንደሚሰራ ሚያሳይ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ዛሬ ክርክሩን ትቼ ስራውን ልፃፈው። የመጀመሪያ ልጄን ጡት ብቻ ነው ያጠባሁት፣ ሁለተኛዋ ግን ጡትም ፎርሙላም ወስዳለች፣ ሁለቱንም መንገድ ስለማውቀው የማንም ወገን ጠበቃ አይደለሁም።

መጀመሪያ ከወተቱ። ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ከጡት ሚወጣው እንገር ነው፣ ወፈር ያለ፣ ቢጫ፣ በጣም ትንሽ። ትንሽነቱ ነው እናቶችን ሚያስደነግጠው፣ «ምንም የለኝም እኮ» ያስብላል። ግን ያን ቀን የልጁ ሆድ ራሱ በአንዴ ሚይዘው የሻይ ማንኪያ ሙላት ቢሆን ነው፣ እንገሩ ደግሞ በሽታን ሚከላከሉ ነገሮች የታጨቁበት ስለሆነ ጠብታው ሁሉ ዋጋ አለው። ዋናው ወተት ብዙውን ጊዜ ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይመጣል፣ የእንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ፕሮጀስትሮን ሚባለው ሆርሞን ይወርድና ፕሮላክቲን ሚባለው ወተት ሚያመርተው ሆርሞን ስራውን ይረከባል። በኦፕራሲዮን የወለደች፣ ብዙ ደም የፈሰሳት፣ ስኳር ያለባት ወይ የመጀመሪያ ልጇ የሆነ ሴት ትንሽ ሊዘገይባት ይችላል፣ መዘግየቱ ወተት የላትም ማለት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ምክራቸው ልጁ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ፣ እስከ 6 ወር ጡት ብቻ እንዲወስድ፣ ከ6 ወር በኋላ ምግብ እየተጨመረ እስከ 2 ዓመትና ከዛም በላይ እንዲቀጥል ነው።

ከመጀመሪያዎቹ ቀናት በኋላ ወተቱን ሚያበዛውም ሚቀንሰውም ዋናው ነገር የጡቱ መጠባት ነው። የወጣው ይተካል፣ ሳይወጣ የተጠራቀመ እንደሆነ ጡቱ ማምረቱን ይቀንሳል። አዲስ የተወለደ ልጅ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ጡት ሚፈልገው ለዚህም ጭምር ነው፣ እየበላ ለነገ እያዘዘ ነው። ሌሊት ደግሞ ፕሮላክቲን ከፍ ስለሚል የሌሊቱ ማጥባት አድካሚ ቢሆንም ለወተቱ በጣም ይጠቅማል። አሁን ወጥመዱን ተመልከቱት። ልጁ ማታ ማታ ያለቅሳል፣ አንድ ጡጦ ፎርሙላ ይሰጠዋል፣ ጠግቦ ረዘም አድርጎ ይተኛል፣ ጡቱ ሳይጠባ ያድራል፣ ቀስ በቀስ ወተቱ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ሌላ ጡጦ ይጨመራል፣ ትንሽ ቆይቶ «አልበቃውም መሰለኝ» ያለችው ሴት እውነትም አልበቃ ይላታል። ጡጦውን የሰጣት ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፣ ግን ያንን ጡጦ በሰጠሽ ሰዓት ጡትሽን ካላለብሽ ውጤቱ ይሄ እንደሆነ ማንም አይነግርሽም።

ወተት አለመብቃቱን አያሳዩም ምላቸው ነገሮች አሉ፣ እህቴን በስልክ ደጋግሜ ያልኳት ናቸው። ልጁ ማታ ከ11 እና 12 ሰዓት ጀምሮ በየግማሽ ሰዓቱ ጡት ከፈለገ ይሄ ብዙ ህፃናት ሚያደርጉት ነገር ነው፣ በተለይ ቶሎ በሚያድጉባቸው ሳምንታት፣ 2ኛ 3ኛ ሳምንት ላይ፣ 6ኛው ሳምንት አካባቢ፣ ከዛ 3 ወር ላይ። ጡትሽ መጀመሪያ እንዳጋተ ቆይቶ ከ6 ሳምንት ወዲህ ልስልስ ካለ ወተቱ ደርቆ ሳይሆን ከልጁ ፍላጎት ጋር ተስማምቶ ነው። በፓምፕ አልበሽ ትንሽ ከወጣ ያ ፓምፑ ያወጣው ልክ ነው፣ በደንብ የያዘ ልጅ ከፓምፕ የተሻለ ያወጣል። ጠብቶ ሲያበቃ ጡጦ ሲሰጡት ከወሰደም የግድ ርቦት ነው ማለት አይደለም፣ ትንሽ ህፃን አፉ ውስጥ የገባለትን ነገር መጥባት ተፈጥሮው ነው፣ ከጡጦ ደግሞ ወተቱ ሳይለፋ ይወርድለታል።

ታዲያ በምን እንወቅ ካላችሁ፣ በሚገባው ሳይሆን በሚወጣውና በኪሎው። ሽንት የመጀመሪያው ቀን 1 ዳይፐር፣ 2ኛው ቀን 2፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ከ5ኛው ቀን ጀምሮ በ24 ሰዓት 6 እና ከዛ በላይ በደንብ የራሰ ዳይፐር ያስፈልጋል፣ ሽንቱም ነጣ ያለ እንጂ ደማቅ ቢጫ መሆን የለበትም። ካካው መጀመሪያ ጥቁርና ሙጫ የመሰለ ነው፣ ከዛ አረንጓዴ ይሆናል፣ በ5ኛው ቀን ቢጫና ቀጠን ያለ መሆን አለበት፣ በ5ኛው ቀን ገና ጥቁር ከሆነ ልጁ በቂ እየወሰደ ስላልሆነ መታየት አለበት። ኪሎ በመጀመሪያዎቹ ቀናት መቀነሱ የተለመደ ነው፣ ግን የቀነሰው ከተወለደበት ክብደት 10 በመቶ ከደረሰ ዝም አይባልም፣ በ2 ሳምንት ደግሞ የተወለደበት ኪሎ ላይ መመለስ ይኖርበታል፣ ከዛ በኋላ እስከ 3 ወር በቀን ከ20 እስከ 30 ግራም አካባቢ ይጨምራል። ጡት ላይ ሆኖም ጆሮሽን ጣል አድርጊ፣ ወተቱ መውረድ ሲጀምር አጠባቡ ከፈጣን ወደ ረጋ ያለ ይቀየርና አገጩ ወደ ታች ወርዶ ትንሽ ቆም ሲል «ክህ» ሚል የመዋጥ ድምፅ ትሰሚያለሽ። እና እባካችሁ፣ ልጁ ለመጥባት እንኳን ማይነቃ ከሆነ፣ አፉ ከደረቀ፣ እርግብግቢቱ ከጎደጎደ፣ አይኑና ቆዳው ቢጫ እየሆነ ከሄደ፣ 3 ወር ሳይሞላው 38 ዲግሪና ከዛ በላይ ካተኮሰው ጡት ነው ፎርሙላ ነው ማለቱን ትታችሁ በዛው ሰዓት ወደ ሀኪም።

ብዙው «አልበቃውም» ግን መነሻው አያያዙ ላይ ነው። ሁለተኛ ልጄን ሳጠባ ጡቴ ጫፉ ተሰንጥቆ ደም ይፈስ ነበር፣ ጥርሴን ነክሼ ነበር ማጠባት፣ አንዲት አዋላጅ ነርስ መጥታ አጠገቤ ቁጭ አለችና ምንም ሳትል ትንሽ አየችን። ከዛ «ልጅቷን ወደ ጡትሽ አምጪያት እንጂ ጡትሽን ወደ እሷ አትውሰጂ» አለችኝ። ትራሱን አወጣችና ልጅቷን ሆዷ ሆዴን እንዲነካ አድርጋ በጎን አዞረቻት፣ አንገቷን ሳይሆን ከትከሻዎቿ መሀል ደገፈቻት፣ የጡቴን ጫፍ ከአፏ ሳይሆን ከአፍንጫዋ ትይዩ አደረገችው። ልጅቷ ሽታው ሲመጣላት ጭንቅላቷን ቀና አደረገችና አፏን እንደማዛጋት በረገደችው፣ ነርሷ ይቺን ሰከንድ ጠብቃ ጀርባዋን ገፋ አድርጋ አስጠጋቻት። መጀመሪያ አገጯ ጡቱ ላይ አረፈ፣ የታችኛው ከንፈሯ ወደ ውጭ ተገለበጠ፣ ጫፉን ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን ጥቁሩን ክብ ከታች በኩል አብዝታ ጎረሰችው፣ አፍንጫዋ ነፃ ነበር። ህመሙ ጀመረኝና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ለቀቀኝ። ያ ህመም መልቀቁ ነው ምልክቱ፣ ሙሉውን ሰዓት ሚያም ከሆነ ወይ ልጁ ሲለቅ የጡትሽ ጫፍ ተጨፍልቆ ሚወጣ ከሆነ ትንሽ ጣትሽን በከንፈሩ ጥግ አስገብተሽ አስለቅቂውና እንደገና አስይዢው። አሁንም ካልተስተካከለ ምላሱ ስር ያለው ጅማት አጭር ሆኖ እንደሆነ ሚያይ ባለሙያ ፈልጊ።

ጡትሽ አንድ ቦታ ላይ ቀልቶ፣ ጠጥሮ፣ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ካለሽ ደግሞ የጡት ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ማጥባቱን ሳታቆሚ ታከሚ፣ ወተቱ ልጁን አይጎዳውም። እንደ ሊጥ ማሸቱ እብጠቱን ስለሚያብስ አሁን አይመከርም፣ ቀዝቃዛ ነገር መያዝና በልኩ ማጥባት ይሻላል።

እሺ፣ ይሄ ሁሉ ተደርጎ አሁንም ማይበቃ ወተት አለ ወይ? አለ። የወተት እጢዎቿ በበቂ ያላደጉ ሴት አለች፣ ጡቷን ለማሳነስ ኦፕራሲዮን የተደረገች አለች፣ የታይሮይድ ችግር ያለባት፣ ማህፀኗ ውስጥ የእንግዴ ልጅ ቁራጭ የቀረባት አለች። የእኔ ልጅ አያያዟ ተስተካክሎም ኪሎዋ በሚገባው ልክ ስላልጨመረ ነው በሀኪም ምክር ፎርሙላ የታከለላት፣ እና ያን ሰሞን «ትንሽ ብትታገሺ ኖሮ» ያሉኝ ሰዎች ምን ያህል እንደከበዱብኝ እኔ ነኝ ማውቀው። ክብደት ማይጨምር ልጅ መመገብ አለበት፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም። ጋላክቶሴሚያ ሚባል በትውልድ ሚመጣ ችግር ያለበት ህፃን የእናቱን ወተት ጭራሽ መውሰድ አይችልም፣ ለካንሰር ሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶችንና ራዲዮአክቲቭ አዮዲን ምትወስድ እናትም ማጥባት አትችልም። ብዙዎቹ የተለመዱ መድኃኒቶች ግን ከማጥባት ጋር አብረው ይሄዳሉ፣ ስለዚህ «መድኃኒት ስለምወስድ ጡት አቋረጥኩ» ከማለትሽ በፊት ያንኑ መድኃኒት በስሙ ጠይቂ። ኤችአይቪ በደሟ ያለ እናትም መድኃኒቷን ሳታቋርጥ እየወሰደች ማጥባት እንደምትችል የዓለም ጤና ድርጅት ይመክራል፣ ይሄ ከሀኪሟ ጋር በደንብ ተነጋግራ ምትወስነው ነው። ካለ ምንም ህመም ማጥባት ማልፈልግ ነኝ ምትል ሴትም አለች፣ ውሳኔው የእሷ ነው፣ ለማንም ማስረዳት የለባትም።

ወደ ፎርሙላው ስንመጣ መደርደሪያው ላይ ያለው ብዛት ያደናግራል፣ ግን ሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ለአብዛኛው ጤነኛ ህፃን ከላም ወተት የተሰራ፣ አይረን ያለው፣ ከልደት ጀምሮ ሚሰጠው ቁጥር 1 እስከ 12 ወር ድረስ ይበቃዋል፣ ቁጥር 2 የግድ አይደለም። የላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶው ኬዚን ሚባለው ዓይነት ስለሆነ ለህፃን ሆድ ይከብዳል፣ ፎርሙላ ውስጥ ይሄ ተስተካክሎ፣ ቅባቱ ተቀይሮ፣ ቫይታሚንና ማዕድን ተጨምሮበት ነው ሚመጣው። ውስጡ መኖር ያለበት ነገር በህግ ስለሚወሰን ውዱ ከርካሹ የተሻለ ነው ሚለው ነገር አያስኬድም። «ለማይጠግብ ልጅ» ተብሎ ሚሸጠውም ልጁን ረዘም አድርጎ እንደሚያስተኛ ማስረጃ የለውም። ከፍየል ወተት ሚሰራ አለ፣ እሱም ይሆናል፣ ግን ለላም ወተት አለርጂ መፍትሄ አይደለም ምክንያቱም ፕሮቲኖቹ ይመሳሰላሉ። የአኩሪ አተር ፎርሙላ ለጋላክቶሴሚያ ይሰጣል፣ ያለጊዜያቸው ለተወለዱ አይመከርም። ካካው ላይ ደም ሚታይ፣ ያለማቋረጥ ሚያስመልሰው፣ ቆዳው በሽፍታ ሚያልቅ ልጅ የላም ወተት ፕሮቲን አለርጂ ሊኖረው ስለሚችል ፕሮቲኑ በደንብ የተሰባበረበት ልዩ ፎርሙላ ያስፈልገዋል፣ ሲብስም በአሚኖ አሲድ ብቻ የተሰራው፣ ይሄ ግን በሀኪም ነው። ከላክቶስ፣ ማለትም ከወተት ስኳር፣ ነፃ ሚለውን በራሳችሁ አትጀምሩ፣ ላክቶስ ከልደት ጀምሮ ማይስማማው ህፃን እጅግ በጣም ጥቂት ነው። ትንሽ ማቅረሸትና ጋዝ ደግሞ ለብዙ ህፃን ያለ ነው፣ በየሳምንቱ ጣሳ መቀያየሩ ልጁንም እናንተንም ያደክማል።

ማስታወቂያውን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፣ የዓለም ጤና ጉባኤ በ1981 የእናት ጡት ወተት ተተኪዎች እንዴት እንደሚሸጡ ሚገዛ ዓለም አቀፍ ደንብ አፅድቋል። ለህዝብ ማስተዋወቅ፣ ለእናቶች ነፃ ናሙና መስጠት፣ ጣሳው ላይ ጡጦን ሚያሳምር የህፃን ፎቶ መለጠፍ በዚህ ደንብ አይፈቀድም። ደንቡ ፎርሙላ እንዳይሸጥ አይከለክልም፣ ልክ ያልሆነ ነገር እየተነገረሽ እንዳትመርጪ ነው። ስለዚህ የጣሳውን ፊት ተይውና አዙረሽ ጀርባውን አንብቢ፣ አበጣበጡ እዛ ነው ያለው።

እሱን ቀረብ ብለን እንየው፣ ምክንያቱም ህፃናት ሚጎዱት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የፎርሙላ ዱቄት ከጀርም ሙሉ በሙሉ የፀዳ አይደለም፣ ክሮኖባክተር ሚባል ባክቴሪያ ደረቅ ዱቄት ውስጥ መኖር ይችላል፣ በተለይ 2 ወር ላልሞላቸውና ያለጊዜያቸው ለተወለዱ ማጅራት ገትር እስከማስያዝ ይደርሳል። ለዛ ነው የዓለም ጤና ድርጅት ዱቄቱ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ ይበጥበጥ ሚለው፣ ፈልቶ ከወረደ 30 ደቂቃ ያላለፈው ውሃ ማለት ነው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ልጅቷ እያለቀሰች እንዲህ ነበር ማደርገው፣ እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ የተቀቀለውን ጡጦ ጠረጴዛው ላይ አቁሜ መጀመሪያ ውሃውን እስከ መስመሩ እሞላለሁ፣ ጎንበስ ብዬ አይኔን ከመስመሩ ጋ አስተካክዬ አያለሁ። ከዛ በጣሳው ውስጥ ባለው ማንኪያ ዱቄቱን ሳልጠቀጥቀው እዘግንና አፉን በንፁህ ቢላ ጀርባ ልክ አድርጌ እጠርጋለሁ፣ እየቆጠርኩ እጨምራለሁ፣ ሰው ካናገረኝ አልመልስም ምክንያቱም ቁጥሩ ይጠፋኛል። ክዳኑን ዘግቼ እንጠዋለሁ፣ በቀዝቃዛ ውሃ ስር እያዞርኩ አበርደዋለሁ፣ የእጄ አንጓ ላይ ጠብ አድርጌ ለብ ማለቱን ሳረጋግጥ እሰጣታለሁ።

ማንኪያው የዛ ጣሳ ነው፣ የሌላ ብራንድ ማንኪያ ሌላ ልክ ነው። ጣሳው ቶሎ እንዳያልቅ ውሃ ማብዛት ልጁን ማስራብ ብቻ አይደለም፣ በደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ወርዶ እስከማንቀጥቀጥ ያደርሰዋል፣ እንዲወፍር ብሎ ዱቄት ማብዛት ደግሞ ፈሳሽ ያሳጣዋል፣ ኩላሊቱን ያስጨንቃል። ከተበጠበጠ በ2 ሰዓት ውስጥ መጠጣት መጀመር አለበት፣ ወዲያው አቀዝቅዘሽ ፍሪጅ ካስገባሽው እስከ 24 ሰዓት፣ ልጁ አፉን የነካበትን ትራፊ ግን አስቀምጠሽ መልሰሽ አትስጪ። የተከፈተ ጣሳ ደግሞ ከ1 ወር በላይ አይቆይም። መጠኑን ለሚጠይቁኝ፣ ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ለ1 ኪሎ ከ150 እስከ 200 ሚሊ ይታሰባል፣ 4 ኪሎ ሚመዝን ልጅ በቀን ከ600 እስከ 800 ሚሊ መሆኑ ነው፣ ግን ልጁ ፊቱን ሲያዞር በቅቶታል፣ ጡጦውን ባዶ ማድረግ ግዴታው አይደለም።

ሁለቱንም ምትሰጪ ከሆነ፣ አንዳንዱ ሰው እንደሚለው «ከተቀላቀለ ጡቱ ጥቅም የለውም» ሚባል ነገር የለም፣ ምትሰጪው ጡት ልክ ይቆጠራል። ጡቱን ለማቆየት ከፈለግሽ መጀመሪያ ጡት ስጪ፣ ከዛ ጡጦ፣ ጡጦ ብቻ በሚወስድበት ሰዓት ደግሞ አልቢ። ጡጦውን ስትሰጪ ልጁን ቀና አድርገሽ፣ ጡጦውን ጋደም አድርገሽ፣ በየመሀሉ እያሳረፍሽ ስጪ፣ እንደዛ ሲሆን ሆዱ ሳይወጠር ነው ሚጠግበው፣ ጡትም ቶሎ አይጠላም። ወደ ስራ ምትመለሺ ከሆነ የታለበ ወተት ቤት ውስጥ ሙቀቱ እስከ 25 ዲግሪ ከሆነ 4 ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ 6 ወር አካባቢ ይቆያል። ማይክሮዌቭ አይነካውም፣ አንዱ ቦታ ፈልቶ ሌላው ቀዝቃዛ ሆኖ የልጁን አፍ ያቃጥላል፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ማሞቅ ይበቃል። ጡት ብቻ ሚወስድ ህፃን በቀን 400 ዩኒት ቫይታሚን ዲ እንዲሰጠው በብዙ አገር ያሉ የህፃናት ሀኪሞች ይመክራሉ፣ የጡት ወተት ውስጥ እሱ ትንሽ ነው።

6 ወር ሳይሞላ ውሃ አይሰጥም፣ ጡትም ፎርሙላም በቂ ውሃ አላቸው። ማር 1 ዓመት ሳይሞላ በፍፁም፣ ቦቱሊዝም ሚባል የመመረዝ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ዝም ብሎ የላም ወተትን እንደ ዋና መጠጥ መስጠትም ከ12 ወር በፊት አይሆንም፣ አይረኑ በጣም ትንሽ ነው፣ ፕሮቲንና ጨዉ ለኩላሊቱ ይበዛበታል፣ አንጀቱንም ሊያደማው ይችላል። 12 ወር ሲሞላ ግን ፎርሙላውን መተው ይቻላል፣ «ማሳደጊያ» እያሉ ለትልልቅ ልጆች ሚሸጡትን ጣሳዎች የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ አያስፈልጉም ብሏል፣ ምግብ እየበላ ተራ ሙሉ ወተት መጠጣት ይችላል፣ ጡት ሚጠባውም እናቱና እሱ እስከፈለጉ ድረስ ይጥባ።